ለጀርባ ሕመም የመጣ ዕቃ

ሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኃይሉ አጎት ከመንዝ መጥተውልናል። ጋሽ ገብረክርስቶስ ይባላሉ። ባሌን አባቱ ሲሞት ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ በስም አጎት ይሁኑ እንጂ ወንበራቸው የአማት ነው። እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ጀርባቸውን ሊታከሙ ነው የመጡት። «ቢበዛ ሁለት ሳምንት ናት» አለኝ ኃይሉ። ሳምንቷን እንዲህ ያሳነሳት ሆን ብሎ ነው።

ቤታችን ቂርቆስ ያለች ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ናት። አባባ ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛሉ። ወደ መታጠቢያ ቤትም፣ ወደ ኩሽናም፣ ወደ ውጭም የሚወስደው መንገድ በእሳቸው እግር ሥር ያልፋል።

ለሰው የሚነገር ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው። በቀን ውስጥ የምናፍቃት አንዲት ደቂቃ አለችኝ፤ ከቢሮ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ እጄን በሸሚዜ ውስጥ ወደ ኋላ ሰድጄ ጡት መያዣዬን የምፈታባት። ፈጣሪ እኔን ሲሠራ ደረቱን ለአንዲት ቀጭን ሴት፣ ጡቱን ለሌላ ደልዳላ ሴት ለክቶ ሲያበቃ ቸኩሎ ሁለቱንም እኔ ላይ ገጠማቸው። ማንገቻው ትከሻዬ ላይ ቦይ ቆፍሯል። ሽቦው ከጡቴ ሥር ያለውን ቆዳ ልጦታል። ማታ ስፈታው አዝዬው የዋልኩት ሰው የወረደልኝ ያህል ነው የሚቀለኝ።

አባባ ፊት ግን አይታሰብም። የኔ ጡት ካልታሰረ ሳሎን የሚገባው ከእኔ ቀድሞ ነው። ስለዚህ ትናንትም ዛሬም እስክተኛ ድረስ እንደታሰርኩ ነኝ። ሁለት ሳምንት ምን አላት፤ ይቻላል።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ለኃይሉ ነገርኩት። መኝታ ቤት፣ በሩን ዘግተን፣ በሹክሹክታ።

«እኔ እኮ ቤቴ ገብቼ ማውለቅ አልቻልኩም።»

«ምኑን?»

«ጡት መያዣዬን ነዋ።»

ደንገጥ ብሎ በሩን አየ፤ ቃሉ በበሩ ሥር ሾልኮ አጎቱ ጋ የሚደርስ ነው የመሰለው። «ታዲያ እዚህ መኝታ ቤት ሆነሽ አውልቂዋ» አለኝ።

«እንግዳ ሳሎን ትቼ እዚህ ልቀመጥ?»

«እሱማ ነውር ነው። ይቀየማሉ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«እሺ፣ እናወራለን» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እሱ ራሱ ሳሎን ውስጥ በቁምጣ ይንጎራደዳል፣ ደረቱን ለአየር ሰጥቶ። እስካሁን ማንም አልተቀየመም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18። ቢሮ፣ በምሳ ሰዓት

ጾም ገባ። አባባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። እኔ ደግሞ እስክተኛ ድረስ አየር አልቀምስም። የማን ጾም እንደሚበልጥ የላይኛው ይፍረድ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሄኒ ትከሻዬን ስደባብስ አየችኝ። ልጅቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እሷ እንኳ የምታስረው ለወጉ ያህል ነው።

«አምስዬ፣ ማለቴ፣ ላውንጅ ብራ የሚባል አለ እኮ» አለችኝ። «ሽቦ የለው፣ ስፖንጅ የለው፣ በቃ ቤት ውስጥ ሪላክስ ማድረጊያ ነው። ይይዝሻል ግን አያንቅሽም። ቲክቶክ ላይ ሞልቷል።»

«ቲክቶክ ላይ የሞላ ነገር ካዛንቺስ አይደርስም።»

«ሰርች አድርጊ እንጂ፣ አትሸነፊ።»

አልሸነፍም። ድሮ ከቢሯችን ጀርባ የውስጥ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ ገና ከበር ስገባ አይታኝ «የአንቺ እንኳ የለም» የምትል፣ ቢያንስ ሰው የማታደክም። ሰፈሩ ሲነሳ እሷም ሄደች። አሁን በሱቋ ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ አለ። ለአበባው ልክ የሆነ ድጋፍ አቁመውለታል።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ስታዲየም። ላስቲክ ላይ የተደረደረ። ሻጩ ጎረምሳ። ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ለካኝና «አርባ አራት ነሽ» አለ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። ደረቴ ጠባብ ነው፣ የሚሰፋው ፊት ለፊቱ ነው አልኩት። «ይለጠጣል» አለኝ።

ሜክሲኮ። ፎቅ ላይ ያለ ቡቲክ። ልጅቷ፦ «ለእናትሽ ነው?» ለራሴ ነው። «እ፣ ለሚያጠቡ የሚሆን አለን።» አላጠባም። ሆዴን አየት አደረገችና፣ «እሺ፣ ስትወልጂ ትመጫለሽ» ብላ አጽናናችኝ።

ሌላ ቡቲክ። አንድ አለ፤ ዋጋው የመንፈቅ አስቤዛዬ ነው። ለክቼው ግማሹ እኔ ውጭ ቀረ። «ይለጠጣል» አለች ይቺም።

በዚህ ከተማ ልክ የሚባል ነገር የለም። ያለው የሚለጠጥ ነው። የሚለጠጠው ግን ጨርቁ አይደለም፣ ገዢዋ ናት።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ኃይሉ አባባን ስታዲየም አካባቢ ያለ ክሊኒክ ወሰዳቸው። ሕመሙ ከሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሐል ነው። ሐኪሟ ማታ ማታ በጨርቅ የተቋጠረ ትኩስ ጨው ጀርባቸው ላይ እንዲደረግ፣ ቀን ደግሞ የጀርባ መደገፊያ እንዲታጠቁ አዛለች። አባባ እራት ላይ መደገፊያውን በእጃቸው እየሣሉ አስረዱኝ። «በሁለት ክንድ የሚገባ መቀነት ነው። መልኩ የሰው ቆዳ የመሰለ፣ ከፊት የሚቆለፍ። ጀርባን ቀጥ ያደርጋል አለች ልጂቱ።»

«ነገ እገዛለሁ» አለ ኃይሉ።

«እኔ ልግዛው፣ በመንገዴ ነው» ስለው፣ «እኔ ልጃቸው እያለሁ? ምን ይላሉ?» አለኝ።

ቀጣዩ ቀጠሮ ሚያዝያ ውስጥ ነው፣ ሕማማት ላይ። ሁለት ሳምንቷ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ መሆኑ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 30

ዛሬ ደስ ብሎኛል። አባባ ሌሊት ተነስተው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሄዱ። ኃይሉም ሊያደርሳቸው ወጣ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁና እዚያው አልጋ ላይ እንዳለሁ፣ ያለምንም ጡት መያዣ፣ በስስ ቀሚስ ብቻ ተነስቼ ሳሎን ገባሁ። ሶፋው ላይ ተዘረጋሁ። ሻይ አፈላሁ። በረንዳ ወጥቼ ቁልቁል ሰው አየሁ። የገዛ ቤቴ ውስጥ የተፈታ እስረኛ ሆኜ ስዞር አረፈድኩ።

የሁዳዴ ቅዳሴ ረጅም ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቄሶቹን በፍቅር አሰብኳቸው። እንዲያዘግሙ፣ ስብከቱም እንዳያልቅ ለመንኩ። ኀጢአት መሆኑን አላጣሁትም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ሄኒ ወደ ራሂማ ላከችኝ። ራሂማ የወሎ ልጅ ናት፤ ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ጠበብ ያለች ሱቅ አላት፣ ዕቃዋን ራሷ ዱባይ እየተመላለሰች ታመጣለች። እሷ በረመዳን፣ እኔ በሁዳዴ፣ ሻይ እንኳ የምትጋብዝ ሴት በሌለችበት ሱቅ ውስጥ ተያየን። መጋረጃውን ጋርዳ በሜትር ለካችኝ።

«ወላሂ አምሳለ፣ እስከዛሬ የለበስሽው ሁሉ ልክሽ አልነበረም» አለችኝ። «ለምንሽ ነው የፈለግሽው?»

«ለጀርባዬ። ለትከሻዬ። ቤት ውስጥ የምለብሰው፣ ሰው ፊት የማያሳፍር፣ የማያንቅ።»

«አብሽሪ። ከዒድ በፊት ደርሼ እመጣለሁ። አንድ እንኳ ባገኝ ላንቺ ነው።»

ዋጋውን ስትነግረኝ የዚያ ቡቲክ እኩሌታ ሆነ፤ ላቅፋት ምንም አልቀረኝ። አብሽሪ ያለኝ ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

እሑድ፣ መጋቢት 7

አባባ ጀርባቸው ብሶባቸው ቅዳሴ አልሄዱም። እኔም ከመኝታ ቤት የወጣሁት ታስሬ ነው። እሳቸው ሶፋው ላይ ሆነው ያቃስታሉ፣ እኔ ኩሽና ሆኜ አቃስታለሁ። መደገፊያው ገና አልተገዛም። ኃይሉ የሚገዛው ነገር ሁሉ የሚገዛው ነገ ነው።

በሽተኛ ሽማግሌ ላይ ተማርሬ ቅዳሴ ለምን አልሄዱም ብዬ መናደዴ ያሳፍራል። ያሳፍራል፤ ግን ተናድጃለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ይህን በቅጡ ልጽፈው ይገባል።

ራሂማ ተመልሳለች። ዕቃው ተገኝቷል። ግማሽ ቀን ሥራ ስለነበረኝና ስብሰባ ውስጥ ስልኬን ስለዘጋሁ በሞተር ወደ ቤት ላከችልኝ። ስትልክ ለሞተረኛው ምን እንዳለችው ኋላ ደውዬ ጠየቅኋት። «ጡት መያዣ ነው ልበለው እንዴ ለወንድ ልጅ? ሐያእ፣ ሐፍረት አይዘኝም? ለጀርባ ሕመም የሚሆን ዕቃ ነው፣ ተጠንቀቅበት አልኩት። አንቺም ያልሽኝ እሱን ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሞተረኛውም አደራውን ሳያጎድል ለአባባ አስረከበ። «ለጀርባ ሕመም ነው፣ ከዱባይ ነው» ብሎ።

ቤት ስገባ አባባ ሳሎኑ መሐል ቆመዋል። ቀጥ ብለው። እንዲህ ቀጥ ብለው አይቻቸው አላውቅም። «ነይ እስቲ ልጄ» ብለው ኮታቸውን ገለጡት። ከካናቴራቸው በላይ የኔን ጡት መያዣ ታጥቀውታል። ከኋላ የሚያያዘውን መንጠቆ ከፊት አድርገው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆልፈው፣ ሰፊ ሰፊ ማንገቻዎቹን በሁለቱ ክንዳቸው አስገብተው። ዞር ሲሉ ሁለቱ ጡቶች ጀርባቸው ላይ ተንጠልጥለዋል።

«ኃይሉን ስጠብቅ ስጠብቅ፣ ለካ አንቺ አስመጥተሽልኛል» አሉኝ። «ለጨው የሚሆን ሁለት ከረጢት ሳይቀር አለው። ፈረንጅ የማያስበው የለም።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? አባባ፣ እሱ የጡቴ ነው? ኃይሉን በጀርባቸው አዝለው ላሳደጉት ሰው፣ ቤቴ መጥተው የሴት ጡት መያዣ ለብሰዋል ልበላቸው? ያገኘሁት ቃል አንድ ነው። «እግዚአብሔር ይማርዎት» አልኳቸው።

አሜን አሉ። መረቁኝ። የሚያሳዝነው ደግሞ ልካቸው መሆኑ ነው። ጠባቡ ደረቴ የከሳ ሽማግሌ ደረት ኖሯል። በአዲስ አበባ ለእኔ ልክ የሆነ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ፣ የታጠቀው ግን ሌላ ሰው ነው።

ኃይሉ ሲገባ አየው። ወዲያው ነው ያወቀው፤ ባል ነው። ዓይኑ ከአጎቱ ጀርባ ወደኔ ደረት፣ ከኔ ደረት ወደ ጣሪያው ሄደ። «ያምራል» አለ።

መኝታ ቤት ገብተን፣ «ንገራቸው» አልኩት።

«እንዴት ብዬ? አፍረው ይሞታሉ።»

«እሺ አትንገር። የራሳቸውን ገዝተህ ና፣ ይሄኛውን ያወልቃሉ።»

«እሺ፣ ነገ።»

እሑድ፣ መጋቢት 14። ደብረ ዘይት

አባባ ታጥቀው ቅዳሴ ሄዱ። ዕቃው ሠርቶላቸዋል። ስለዚህ ሳሎኑ እስከ ረፋድ ለእኔ ሆነ። ጡት መያዣዬ ከሰውነቴ ርቆም እያገለገለኝ ነው ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነጠላ ከላይ አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሲሰግዱ ግን ምን ይታይ ይሆን?

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ማታ ማታ ጨው የማሞቀው እኔ ነኝ። በብረት ምጣድ አግዬ፣ በጨርቅ ቋጥሬ፣ አባባ ጀርባቸውን ሲሰጡኝ በግራና በቀኝ ከረጢት ውስጥ አስቀምጣለሁ። ለጡቴ በተሠራው ቦታ። ሙሉ አይሆንም፤ ተጨማሪ ጨው ይጠይቃል። በጤናዬ ብሆን ኖሮ እስቅ ነበር።

ወሬው ሕንጻውን አዳርሷል። ምድር ቤት ያሉት እትዬ ገበያነሽ ደረጃ ላይ ያዙኝና፣ «የባልሽን አጎት እንዲህ የምትንከባከቢ፣ ከዱባይ ድረስ መደገፊያ አስመጣሽ አሉ፤ ሥላሴ ያክብሩሽ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ለፀሃዬም አንድ አስመጪልኝ፣ ወገቡን ነው» አሉ። ፀሃዬ ባላቸው ናቸው፤ ግዙፍ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ልክ አይገኝም አልኳቸው። «ይለጠጥ የለ?» አሉኝ።

ራሂማ ሁለተኛ የለኝም ብላለች። ዱባይ የምትሄደው ከፋሲካ በኋላ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23። ቢሮ

ሥራ በዝቷል። ሰሞኑን የምወጣው ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ ነው። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ባለፈው ሳምንት አልቋል፤ እያሳመርኩት ነው።

የቢሮውን በር ከውስጥ ቆልፌ መንጠቆውን እፈታለሁ። ፎቁ ጭር ይላል። እዚህ ወንበር ላይ ከቤቴ የበለጠ እመቻለሁ። ከዚያ በእግሬ እሄዳለሁ፣ በመስቀል አደባባይ በኩል፣ ረጅሙን መንገድ። ለጤና ጥሩ ነው ይባላል።

ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ሄኒ ለሒሳብ ክፍሉ ዳግም ስትለው ሰማሁ። «ከባሏ ጋ ሰላም አይመስለኝም፣ በቃ ቤቷ መግባት አትፈልግም።» ዳግም፣ «ሰው ቤት ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም» አለ። ሰዎች ሥራ ሲያጡ ነው እንዲህ የሚያወሩት። ከኃይሉ ጋር ሰላም ነን። ከተነጋገርን እኮ ቆይተናል፣ በምን እንጣላለን?

እሑድ፣ መጋቢት 28

ጠዋት፣ አባባ ከቅዳሴ ተመልሰው ከኃይሉ ጋር ሳሎን ተቀምጠዋል። እኔ ከኩሽና ስወጣ ኃይሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አምሳለ እንዳትሰማ» ሲላቸው ደረስኩ። አባባ ቶሎ ብለው «ሽሮሽ ይጣፍጣል» አሉኝ። ገና አላቀረብኩም ነበር።

እኔ ምን አድርጌ ነው የሚደበቀኝ? ቀኑን ሙሉ ስፈትለው ዋልኩ። ፊቴ ይጠቁር ይሆናል። አባባ ፊቴን አይተው ተቀይመው ይሆናል። አንድ ሽማግሌ ማስተናገድ አቃተኝ ማለት ነው? እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

ኃይሉን ስለምነው ይህ ሦስተኛዬ ነው። ከጡቴ ሥር ያለው ቆዳ ቆስሏል፤ ለኃይሉ ገልጬ አሳየሁት።

«ተመልከተው።»

«ቅባት ቀቢው» አለኝ።

«ወይ መደገፊያውን ግዛላቸው፣ ወይ እኔ ልንገራቸው፣ ወይ የሌላ ዘመድ ቤት ጥቂት ይሰንብቱ።»

«አምሳለ፣ ያሳደገኝን ሰው ከቤቴ ላስወጣ ነው የምትዪው? ይቀየማሉ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቀየሙኛል።»

«እኔስ?»

«እናወራለን።»

ቅባቱን ቀባሁት። ላዩ ላይ ሽቦውን አሰርኩት። እራት ላይ አባባ ምግቤን አለመብላቴን ያስተዋሉ ብቸኛው ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ ከሳሽ» አሉኝ። በጀርባቸው የኔን ሰላም ታጥቀው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7። ሕማማት

ክሊኒክ ሦስታችንም ሄድን። ኃይሉ ነው ነይ ያለኝ፤ ለብቻው ፈርቶ ይመስለኛል።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አባባን ሸሚዝዎን ያውልቁ አለቻቸው። አወለቁ። ዞረው ጀርባቸውን ሲሰጧት ከረጢቶቹን በጣቷ ነካ አደረገች።

«ይሄን ከየት አገኙት አባ?»

«ልጄ ናት ከዱባይ ያስመጣችልኝ» አሉ አባባ በኩራት፣ በእጃቸው እያመለከቱኝ። «አንቺ ያዘዝሽው ነው እኮ።»

ኃይሉ ጣልቃ ገባ። «እ... ከፋርማሲ ይመስለኛል፣ ማለቴ፣ አንድ ሰው ነው የሰጠን» ብሎ ጀመረ።

ሐኪሟ አየችኝ። ፊቴን ሳይሆን ደረቴን፣ ከዚያም ትከሻዬ ላይ የተቆፈረውን። ሴት ናትና ገባት። ግን አልተናገረችም። ሁሉም ሰው የማይናገርበት ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ይህ ነገር አሁን ካልተባለ ፋሲካም ያልፋል፣ ክረምትም ይገባል ብዬ አሰብኩ።

«የኔ ነው» አልኩ። «የኔ ጡት መያዣ ነው አባባ። በስህተት ነው እርስዎ እጅ የገባው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ማንም አልሳቀም። ሐኪሟ ቀስ ብላ፣ «ትክክለኛው እዚሁ ምድር ቤት ፋርማሲው ውስጥ አለ» አለች። ኃይሉ ቃሏን ሳትጨርስ ወጣ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያልተገዛው ዕቃ ከእግራችን ሥር ነበር።

አባባና እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ጡት መያዣውን አውልቀው፣ አጣጥፈው፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘውታል። አሁን አፍረው የሚሞቱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዞረው አዩኝ።

«ታዲያ አንቺ በምን ከረምሽ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እንባዬ መጣ።

«እኔማ» አሉ፣ «ገና ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ ልሂድ ብዬው ነበር። ከተማ አይመቸኝም። ደጋግሜ ነገርኩት። አምሳለ ትቀየማለች፣ ሰለቸኋቸው ብላ ታስባለች፣ እንዳትሰማ ይለኛል። አንቺን ላለማስከፋት ብዬ ሶፋ ላይ ከረምኩ።»

«እኔንም ደግሞ እርስዎ ይቀየማሉ ነበር የሚለኝ።»

አባባ መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ሕማማት ነው፣ አይሳቅም፤ አፋቸውን በነጠላቸው ጥግ አፈኑት። እኔም አፈንኩ። ኃይሉ የፋርማሲ ፌስታል አንጠልጥሎ በኮሪደሩ ሲመጣ ሁለታችንም ሳቃችንን ያቋረጥነው በአንድ ጊዜ ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

አባባ ማለዳ ሄዱ። ፋሲካን አገራቸው ይውላሉ። ሕማማት ስለሆነ መሳሳም የለም፤ በር ላይ ቆመው ጎንበስ አሉልኝ፣ ጎንበስ አልኩላቸው። አዲሱን መደገፊያ ታጥቀዋል። የኔን ትናንት አጥቤዋለሁ፣ በረንዳ ላይ ተሰጥቷል፣ ገና አልደረቀም።

ዛሬ ከቢሮ የወጣሁት በሰዓቱ ነው። ኃይሉ ቀድሞኝ ገብቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፣ በቁምጣው።

«ለምን ሁለታችንንም ዋሸኸን?» አልኩት።

«ማንም እንዳይቀየም ብዬ ነው።»

«እኔ ስቀየም አላየህም?»

«አንቺማ የራሴ ሰው ነሽ» አለኝ። ከልቡ ነው። መልካም ነገር የተናገረ መስሎት ፊቱ ሁሉ በራ።

ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ። «ነይ በቃ፣ አሁን እኮ ማንም የለም። አውልቂውና ተቀመጪ።»

ሽቦው ቁስሌ ላይ ነው፣ ያቃጥላል። ማንም የለም ያለኝ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ መኖሪያ ፈቃድ የሰጠሁት እንግዳ መስሎ ታየኝ። ወንበር ስቤ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። አላወለቅሁትም።